ያ ግድግዳ እንዳይወድቅ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ዛሬ ጁሙዓ ነው። ብዙዎቻችሁ ሱረቱል ከህፍን ቀርታችኋል። ያልቀራችሁም ፀሐይ እስክትጠልቅ ጊዜ አላችሁ። በየሳምንቱ ስለምንቀራት ብቻ በዐይናችን የምናልፋት አንዲት ታሪክ በውስጧ አለች። ዛሬ እሷ ላይ ትንሽ እንቀመጥ።

ሙሳ (ዐ.ሰ) እና ኸዲር ወደ አንዲት ከተማ ገቡ። ርቧቸው ስለነበር የከተማውን ሰዎች ምግብ ጠየቁ። ማንም አላስተናገዳቸውም። ከዚያው ከተማ ውስጥ ሊወድቅ የተቃረበ ግድግዳ አገኙ። ኸዲርም አቃናው። ሙሳ ተገረሙ፤ ለዚህ ሥራ እኮ ዋጋ መጠየቅ ትችል ነበር አሉት። መልሱ በኋላ መጣ። ግድግዳው የሁለት የቲም ልጆች ነው። ከሥሩ የእነሱ የሆነ ሀብት ተቀብሯል። አባታቸው ደግ ሰው ነበር። አላህም ልጆቹ አድገው፣ አቅማቸው ጠንክሮ ሀብታቸውን ራሳቸው እንዲያወጡት ፈለገ።

ልብ በሉ። ኸዲር ሀብቱን ቆፍሮ ለልጆቹ አልሰጣቸውም። አዲስ ሀብትም አልጨመረላቸውም። ያደረገው አንድ ነገር ነው፤ ልጆቹ እስኪደርሱ ድረስ ግድግዳው እንዳይወድቅ አደረገ። ሀብቱ ከመጀመሪያውም የእነሱ ነበር። የጎደላቸው ጊዜ ነበር። ግድግዳው ያኔ ቢፈርስ የተቀበረው ይገለጥ ነበር፤ ምግብ የከለከለው ያ ከተማም ለየቲም ይተርፋል ብላችሁ አትጠብቁ። ስለ ሀብቱ ምንነት ሙፈሲሮች ሲናገሩ ገንዘብ ነው ያሉ አሉ፤ ዒልም የተጻፈበት ነገር ነው ያሉም አሉ። ሁለቱም ለዛሬው ጉዳያችን ይሆኑናል።

አሁን ወደ ሀገራችን እንመለስ። አሰላ የምትኖሩ፣ ከበቆጂ፣ ከሮቤ፣ ከሳጉሬ የመጣችሁ፣ ጭላሎን ወይም ካካን እያያችሁ ያደጋችሁ የምናገረውን ታውቁታላችሁ። የገጠር ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል በአቅራቢያው ይማራል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ግን በአብዛኛው ያለው ወረዳ ከተማ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ ይቀራል፤ በየቀኑ ሰዓታት በእግር መመላለስ፣ ወይም ከተማ ገብቶ ቤት መከራየት። ሦስትና አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤት ሄደው ስንቅ ይዘው ይመለሳሉ፤ ቂጣ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ቤቱ ሲደላው ደግሞ ጭኮ። ሐሙስ ላይ ስንቁ ያልቃል። የአርሲ ደጋ ብርድ ደግሞ ለደሃ ልጅ አያዝንም። ብርድ ልብስ የሌለው ልጅ ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ አድሮ ጠዋት ሒሳብ ይማራል።

ኃይሌ ገብረሥላሴ ከአሰላ አቅራቢያ ተወልዶ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይሄድ፣ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይመለስ እንደነበር ሁላችንም ሰምተናል። ትልቅ ሆኖ ሲሮጥ ግራ እጁ እጥፍ የሚለው ያኔ ደብተር ይዞ ስለሮጠ ነው ይባላል። ታሪኩን በኩራት እናወራዋለን፤ ያኮራልም። ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ርቀቱን ያሸነፈውን ልጅ ስሙን እናውቃለን። ርቀቱ ያሸነፋቸውን ልጆች ስም ማን ያውቃል? 9ኛ ክፍል ተመዝግበው ጥር ላይ የጠፉትን? እነሱም ከግድግዳቸው ሥር የተቀበረ ነገር ነበራቸው።

ስለ ሴት ልጆች ለብቻው ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1996 በዚሁ በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ ተጠለፈች። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ሀገር ሁሉ አወቀው፤ ከዓመታት በኋላም «ድፍረት» የተባለው ፊልም በታሪኩ ላይ ተሠራ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ አግብቶ ከቅጣት የሚያመልጥበትን በር ዘግቷል። ሕጉ መልካም ነው። ሆኖም መንገዱ ዛሬም ረጅም ነው። ልጁን ለሚፈራ አባት «ሴት ልጅ ለምን ትማራለች?» ብሎ የሚከለክል ሁሉ ጨካኝ አይምሰላችሁ፤ ብዙው አባት የሚፈራው መንገዱንና የኪራይ ቤቷን በር ነው። እንዲህ ላለው አባት ስለ ትምህርት ጥቅም ዳዕዋ ማድረግ አይበቃም። በሯ የሚቆለፍ፣ አንዲት የምትታመን እናት የምትጠብቀው ማደሪያ ስናሳየው ልቡ ይረጋል።

አንዳንዱ «ተማሪን አሳድሮ ማስተማር የዘመናዊዎች ነገር ነው» ይላል። ሱብሐነላህ! የእኛ ታሪክ እኮ ከዚያ ይጀምራል። መዲና ላይ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ጥላ ሥር ቤትም ቤተሰብም የሌላቸው ሶሓቦች ያድሩ ነበር፤ አህሉ ሱፋ ይባላሉ። ከእነሱ አንዱ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ነው። ሌሎቹ በገበያና በእርሻ ሲጠመዱ እሱ ሆዱን በሚሞላው ያህል ብቻ ረክቶ ከነቢዩ ጎን አልተለየም። ዛሬ በስሙ የተላለፈው ሐዲስ በዑለማዎች ቆጠራ 5,374 ይደርሳል። አንድ የተራበ ተማሪ እንዲቆይ በመደረጉ ይህ ኡማ ምን እንዳገኘ አስቡት።

እሱ ራሱ የተናገረውን ታሪክ ቡኻሪ ዘግበውታል። ረሃብ ጠንቶበት መንገድ ላይ ተቀመጠ። አቡበከር (ረ.ዐ) ሲያልፉ ስለ አንድ አንቀጽ ጠየቃቸው፤ የፈለገው ግን ወደ ቤታቸው እንዲወስዱት ነበር። ሳይገባቸው አለፉ። ዑመርም (ረ.ዐ) እንዲሁ አለፉ። ከዚያ ነቢዩ መጡ። ፊቱን አይተው ፈገግ አሉ፤ ያለበትን አወቁ። ቤት የነበረውን አንድ ዕቃ ወተት ይዘው የሱፋ ሰዎችን ሁሉ አስጠሩ፤ ሁሉም ጠጥተው ጠገቡ፤ እሳቸው መጨረሻ ጠጡ። አቡበከርና ዑመር ንፉግ አልነበሩም። ጥያቄው ስለ ቁርኣን ስለመሰላቸው ብቻ አለፉ። ችግረኛ ተማሪም እንዲህ ነው፤ «ርቦኛል» አይልም። «ደብተርህን ታውሰኛለህ?» ይላል። «ዛሬ አሞኛል፣ አልመጣም» ይላል። በሱረቱል በቀራ አላህ የሚነግረንም ስለ እነዚህ ነው፤ ጨዋነታቸውን ያየ የማያውቅ ሰው ባለጸጋ የሚመስሉት፣ ሰውን ችክ ብለው የማይለምኑ፣ በምልክታቸው የሚታወቁ ድሆች። ምልክት ማንበብ መማር አለብን።

ይህ መንገድ በመዲና አልቆመም። በ1234 (እ.ኤ.አ.) ባግዳድ ላይ የተከፈተው ሙስተንሲሪያ መድረሳ ተማሪዎቹን ከወቅፍ ገቢ ያኖርና ያበላ ነበር፤ በየወሩም የኪስ ገንዘብ ይሰጣቸው ነበር። ካይሮ በአዝሀር ውስጥ «ሪዋቀል ጀበርት» የሚባል ማደሪያ ነበረ፤ ከእኛው ቀጠና፣ ከዘይላዕና ከሐበሻ ምድር ለሚሄዱ ተማሪዎች የተለየ። ከዚህ ምድር ሄዶ ያንን ማደሪያ በኃላፊነት ከመራ ቤተሰብ የተወለደው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753–1825 እ.ኤ.አ.) የግብጽ ታላቅ የታሪክ ጸሐፊ ሆነ። ፈረንሳዮች በ1798 ግብጽን ሲወርሩ የሆነውን ዓለም ዛሬም ከእሱ መጽሐፍ ያነባል።

እዚሁ ሀገር ቤትም አያቶቻችን ያውቁበት ነበር። የአርሲ ደረሳ ኪታብ ፍለጋ ወደ ባሌ፣ ወደ ሐረርጌ፣ ወደ ወሎ ሲሄድ ብር ይዞ አልሄደም። የሄደበት መንደር አሳደረው። አንዱ ቤት እራት፣ አንዱ ቤት ምሳ፣ አንዱ ጋቢ ሰጠው። በትምህርት ሚኒስቴር ቋንቋ ስኮላርሺፕ የሚባለውን የገጠር እናቶች በእንጀራ ያውቁት ነበር። በመንግሥትም በኩል ቢሆን በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተከፈቱት እንደ ኮተቤና ጀነራል ዊንጌት ያሉ ትምህርት ቤቶች ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ልጆችን አሳድረው ያስተምሩ ነበር። ዛሬም የኦሮሚያ ልማት ማኅበር አዳማ ላይ ያለውን አዳሪ ትምህርት ቤት ጨምሮ ጥሩ ውጤት ያላቸውን ልጆች ተቀብለው የሚያሳድሩ አሉ። አላህ ይጨምርላቸው።

ግን እነዚህ የሚቀበሉት ጥቂቱን፣ ያውም በውጤት ፊት የተገኘውን ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲወጣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። የቀሩት ሁሉ ሰነፎች ናቸው የሚል ሰው የኪራይ ቤት ሐሙስን አያውቅም። ከብት ጠብቆ፣ ውሃ ቀድቶ፣ በእግር ሁለት ሰዓት ሄዶ 70 ያመጣ ልጅ እና መብራት ባለው ቤት አስጠኚ ተቀጥሮለት 85 ያመጣ ልጅ ማን ይበልጣል? ውጤቱን ብቻ አይተን ከሰጠን ግድግዳው የቆመለትን ልጅ ግድግዳ ነው ደግመን የምናቃናው። ሱረቱ ዐበሳ የወረደችው ዐይነ ስውሩን ዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱምን አስመልክታ እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። ታላላቆቹን ለማሳመን ሲባል ራሱ ለመማር እየሮጠ የመጣው ደሃ ወደ ኋላ አይባልም።

«ይህ እኮ ዱንያዊ ትምህርት ነው፣ ሂሳብና ፊዚክስ ምን አጅር አለው?» የሚል ካለ በድርን ያስታውስ። ከተማረኩት ሙሽሪኮች መካከል ቤዛ የሚከፍሉት የሌላቸው ግን መጻፍ የሚያውቁ ነበሩ። ቤዛቸው እያንዳንዳቸው ለአሥር የመዲና ልጆች ጽሕፈት ማስተማር ሆነ። አስተማሪዎቹ አቂዳ አላስተማሩም። ፊደል አስተማሩ። ኡማው ሐኪም፣ አዋላጅ፣ ዳኛ፣ የግብርና ባለሙያ ያስፈልገዋል። ይህ ፈርዱል ኪፋያ ነው፤ ማንም ካልተነሳ ሁላችንም እንጠየቃለን።

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ። ዘካ ለተማሪ ይሰጣል? ልጁ ድሃ ከሆነ፣ ወጪውን የሚችልለት አባትም ከሌለው አዎ፤ በድህነቱ ይሰጠዋል። ገና ያልደረሰ ልጅ ከሆነ በአሳዳጊው በኩል ይሰጣል። በሀገራችን ሰፊው በሆነው በሻፊዒ መዝሀብ፣ ሥራ ሠርቶ ቢያድር የሸሪዓ ዒልሙ የሚቋረጥበት ተማሪም ከዘካ ሊሰጠው እንደሚችል ዑለማዎች ገልጸዋል። ማደሪያ ሕንፃ መሥራት ግን ሌላ ነው፤ ብዙሃኑ ዑለማ ዘካ ለግንባታ አይሆንም ይላሉ። ለዚያ ሶደቃና ወቅፍ አለ። የግል ጉዳያችሁን ለምታምኑት ዓሊም ጠይቁ።

አርሲ ደግሞ የስንዴና የገብስ ሀገር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ኮምባይነሩ ማሳ ሲገባ የሰብል ዘካ ይገባል። በዝናብ የበቀለ ከሆነ 10 በመቶ፣ በወጪ በመስኖ የለማ ከሆነ 5 በመቶ። ልኩ 5 ወስቅ ነው፤ በዛሬ ሚዛን ሲሰላ ከ6 ኩንታል በላይ ይሆናል። የገበሬ ልጆች የሆናችሁ ይህን ለአባቶቻችሁ በአክብሮት አስታውሱ። የአንድ ጎረቤት ማሳ ዘካ የአንድ ጎረቤት ልጅ የዓመት ቀለብ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ትምህርት የሚከፈተው መስከረም ላይ ነው። ኪራይ፣ ደብተር፣ ዩኒፎርም የሚጠየቀው ያኔ ነው። አዲሱ ሰብል የሚደርሰው ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ስለዚህ የገበሬ ቤት ጎተራ ከዓመቱ ሁሉ ባዶ በሚሆንበት ሰሞን ትልቁ ወጪ ይመጣል። ብዙ ልጅ ከትምህርት የሚቀረው በዚህ የሦስት ወር ክፍተት ነው። የምትረዱ ከሆነ ጳጉሜ ላይ ዝግጁ ሁኑ። ጥር ላይ የመጣ ብር ግድግዳው ከወደቀ በኋላ የመጣ ግንበኛ ነው።

ጎረቤታችን ክርስቲያን የሆነበትም ብዙ ነው። ዘካ ለሙስሊም ድሃ ቢሆንም ሶደቃ ግን በር የለውም። ሱረቱል ሙምተሒና ላልተዋጉንና ከቤታችን ላላባረሩን መልካም መዋልን እንደማይከለክለን ታስተምራለች። አንድ ክፍል ተከራይተው አንድ ኩራዝ የሚያበሩ ሁለት ልጆች፣ አንዱ ሙስሊም አንዱ ክርስቲያን ቢሆኑ፣ ለአንዱ ብርድ ልብስ ሰጥተን ሌላውን በብርድ አንተወውም።

እንዴት እንጀምር? ተማሪ ናችሁ፣ ገና ሥራ የጀመራችሁ ናችሁ፤ አውቃለሁ። አምስት ጓደኛሞች ሁናችሁ አንድ ልጅ ያዙ። አንድ ብቻ። ከወለድ ነፃ የሆነ የጋራ ሒሳብ ክፈቱ፤ ገንዘቡ በሁለት ሰው ፊርማ ይውጣ፤ እያንዳንዱ ወጪ ይመዝገብ። የሚዋጣውን አሳንሱት፤ ግን አታቋርጡት። አላህ ዘንድ የተወደደው ሥራ ትንሽም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ለአንድ ወር ጠግቦ በሁለተኛው የተተወ ልጅ ከመጀመሪያው ይልቅ ይሰበራል። የትምህርት ቤት ክፍያ ተከፈለ ብላችሁም አትረፉ። ሳሙና፣ የትራንስፖርት ብር፣ የሌሊት መብራት፣ ለሴቶች ልጆች የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ፤ ልጅን ከክፍል የሚያስቀሩት እነዚህ ትንንሾቹ ናቸው። ማደሪያውን ሄዳችሁ እዩ። የሴቶቹን እህቶች ይከታተሉ። ልጅን ከወላጁ ነጥሎ የሚያሳድር ሰው አማና ተሸክሟል። ልጁ ሲከፋው የሚነግረው፣ የምትታመኑት ሰው መኖሩን አረጋግጡ።

ሱቅ ወይም የሚከራይ ቤት ያላቸው ዘመዶች ካሏችሁ ወቅፍን ንገሯቸው። ዑመር (ረ.ዐ) ኸይበር ያገኙትን መሬት ምን ላድርገው ብለው ሲጠይቁ ነቢዩ ያስተማሯቸው መሬቱ ሳይሸጥ ፍሬው እንዲሰደቅ ነው። አሰላ ላይ ካሉት የሚከራዩ ክፍሎች አንዷን ለችግረኛ ተማሪዎች ያለ ኪራይ የሚሰጥ ሰው በዚያው መንገድ ላይ ነው።

ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ፎቶ። ልጁን ደብተር አስይዛችሁ፣ ብርድ ልብስ አሸክማችሁ አንስታችሁ አትልቀቁት። ያ ልጅ ነገ ክፍል ይገባል፤ ጓደኞቹም ስልክ አላቸው። አላህ ሶደቃን በመመጻደቅና በማስከፋት እንዳናበላሽ አስጠንቅቆናል። በከህፍ ታሪክ ውስጥ ሁለቱ የቲሞች ግድግዳቸውን ማን እንዳቃናው ማወቃቸው አልተነገረንም። ኸዲር ስሙን በግድግዳው ላይ አልጻፈም።

ሁለተኛ፣ ቤታችን። «እኔ ጋ ትማር» ተብላ ከገጠር ወደ ከተማ የመጣች የዘመድ ልጅ ስንት ቤት አለች? ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ውሃ ትቀዳለች፤ ልጅ ታዝላለች፤ ልብስ ታጥባለች፤ ማታ ደብተሯን ስትከፍት እንቅልፍ ይጥላታል። ፈተና ስትወድቅ «ጭንቅላት የላትም» ይባላል። ይህ ማስተማር አይደለም፤ ያለ ደመወዝ ማሠራት ነው። አላህ በሱረቱ ዱሓ የቲምን አታመናጭቅ ሲል የተናገራቸው ራሳቸው የቲም ሆነው በዘመድ ቤት ያደጉትን ነቢይ ነው። እንዲህ ያለች ልጅ ቤታችሁ ካለች ሌላ ተረጂ ፍለጋ አትሂዱ። ዛሬ ማታ ሳህኑን እናንተ እጠቡ፤ እሷ ታጥና። ከእናንተ የሚፈለገው ስኮላርሺፕ ይኸው ነው።

ይህን የምታነበው አንተ ራስህ፣ የምታነቢውም አንቺ ራስሽ፣ በሰው እርዳታ የምትማሩ ከሆነ ደግሞ ለእናንተም ቃል አለኝ። አትሸማቀቁ። ከሱፋ ሰዎች መካከል ብትሆኑ ኖሮ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእጃቸው ወተት ያጠጧችሁ ነበር። የምትበሉት አላህ የወሰነላችሁን ሪዝቅ ነው። ያደረሰላችሁ ሰው መንገድ ብቻ ነው፤ አመስግኑት፣ ዱዓ አድርጉለት፣ ባሪያው ግን አይደላችሁም። ከሥራችሁ ያለው ሀብት የእናንተ ነው። ዛሬ የምትችሉት ብድር መመለሻ አንድ ነው፤ ማጥናት። ነገ ስትቆሙ ደግሞ ሌላ ግድግዳ ፈልጉ።

ሰው ሲሞት ከሦስት ነገር በቀር ሥራው ይቋረጣል፤ የሚዘወትር ሶደቃ፣ የሚጠቅም ዒልም፣ ዱዓ የሚያደርግለት ደግ ልጅ። አንድ ችግረኛ ልጅ አሳድሮ ማስተማር ከሦስቱም ደጃፍ ያቆማል። ልጁ የእናንተ ባይሆንም ዱዓው ይደርሳችኋል፣ ኢንሻአላህ። የእነዚያ የቲሞች አባት ሞቶ እያለ ደግነቱ ለልጆቹ ግድግዳ አስቆመላቸው። እናንተም ዛሬ ለሰው ልጅ ያቆማችሁትን አላህ ነገ ለልጆቻችሁ ያቆምላችኋል።

ያ ረብ፣ በየኪራይ ቤቱ በብርድ የሚያድሩትን ተማሪዎች አንተ ሙቀታቸው ሁን። በየመንገዱ የሚመላለሱትን ሴት ልጆቻችንን ጠብቃቸው። ሀብታችንን ከዘካ መከልከል፣ ሶደቃችንን ከይዩልኝ አጥራልን። ምልክት የሚያነብ ዐይን ስጠን። አሚን።

ዛሬ ሶለዋት አብዙ። ወላሁ አዕለም። ጁሙዓ ሙባረክ።